ሳንባ ሲደማ የምናጠፋቸው ጥፋቶች

በቲቢ የተጎዳ ሳንባ አንዳንዴ በድንገት ይደማል። ያን ጊዜ የሁሉም ዓይን ደሙ የሚተፋበት ሳፋ ላይ ይተከላል። ስንት ፈሰሰ? ደም ይሰጠው ይሆን? ትዕግሥቴን ያሟጠጠው ስህተት ይህ ነው። በብዛት ደም የሚያስለው ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚሞተው ደሙ አልቆ ሳይሆን በራሱ ደም ታፍኖ ነው። ዋና ዋናዎቹ የአየር መተላለፊያዎች የሚይዙት 150 ሚሊ ሊትር ገደማ ብቻ ነው። ሳፋው ውስጥ ያለውማ ወጥቷል፤ የሚያስፈራው ያልወጣው ነው።

ስለዚህ አተኛኘቱ ወሳኝ ነው። የሚደማው የቀኙ ሳንባ ከሆነ በቀኝ ጎኑ፣ የግራው ከሆነ በግራው ይተኛ። ሰው ግን ተቃራኒውን ያደርጋል። አንድ ወጣት ቤተሰቦቹ "የታመመው ጎኑ እንዳይጫነው" ብለው በደህናው ጎኑ አስተኝተው፣ ትራስ ደግፈውለት አመጡት። አዝነውለት ነው፣ ምን ይባላሉ። ደሙ ግን ቁልቁል ወደ ደህናው ሳንባ እየወረደ ነበር፤ ከንፈሩ ጠቁሯል። ገልብጠነው ጥቂት ካሳለ በኋላ ትንፋሹ መለስ አለ። ባለሙያ ሆኖ በጀርባው የሚያንጋልለውንስ ምን ልበለው? የሚደማው ጎን ካልታወቀና ሰውየው ራሱን ካልሳተ ቀና ብሎ ይቀመጥ፤ እያሳለ ያውጣው።

ሳል የሚያፍን ወይም የሚያደነዝዝ ጠንካራ መድኃኒት በዚህ ሰዓት አትስጡ።

"ትላንት ትንሽ ነበረች፣ ቆማለች" የሚሉም አሉ። ቲቢ ሳንባን በልቶ ጉድጓድ ሲያበጅ፣ በግድግዳው ያለ የደም ቧንቧ ሳስቶ ሊያብጥ ይችላል። ዴንማርካዊው ሐኪም ራስሙሰን ይህን እ.ኤ.አ. በ1868 ጽፎታል፤ እብጠቱም በእሱ ስም ይጠራል። ቧንቧው ከመፈንዳቱ በፊት ያቺ ትንሿ ደም ብቸኛዋ ማስጠንቀቂያ ልትሆን ትችላለች። ዛሬውኑ ሐኪም ቤት ሂዱ።

"ቲቢውንማ ድሮ ጨርሻለሁ" ማለትም አያድንም። ከዳኑ ከዓመታት በኋላ ጠባሳው፣ የሰፋው የአየር ቧንቧ ወይም አሮጌው ጉድጓድ ውስጥ የበቀለ የፈንገስ ኳስ ሊደማ ይችላል። በሌላ በኩል፣ አክታ ሳይመረመር "ቲቢው ተመልሷል" ብሎ መድኃኒት ማስጀመርም ጥፋት ነው። በሕክምና ላይ ያለ ሰው ደግሞ ደም አየሁ ብሎ መድኃኒቱን በራሱ አያቋርጥ።

ለባልደረቦቼ፦ ቀጭን የመተንፈሻ ቱቦ በረጋ ደም ይደፈናል፤ ለአዋቂ ከተቻለ 8 ቁጥርና ከዚያ በላይ አስገቡ። ማስካችሁንም አትርሱ።

ደሙ ቆመ ብሎ ቶሎ ወደ ቤት መላክም አለ። በብሽሽት በኩል ቀጭን ቱቦ አስገብቶ የሚደማውን ቧንቧ መድፈን ብዙዎችን ያተርፋል። ግን ከሳምንታትም ከወራትም በኋላ እንደገና ሊደማ ስለሚችል ቀጠሮው አይዘለልም።