«አፈነ»ን በእንግሊዝኛ እንዴት እንለው?

እሳት ይታፈናል። ሳቅ ይታፈናል። ዐመፅ ይታፈናል። ሰውም ይታፈናል። በአማርኛ «አፈነ» ብቻውን ይህን ሁሉ ይችላል። እንግሊዝኛ ግን ለየጉዳዩ ሌላ ግሥ ይፈልጋል። ደብረ ማርቆስ ወይም ፍኖተ ሰላም ቁጭ ብሎ የሚያጠና ተማሪ መዝገበ ቃላቱን ሲገልጥ የግሥ መዓት ይጠብቀዋል። የቱን ይምረጥ? የኔ ምክር፣ ግሡን ከመፈለግ በፊት የሚታፈነውን ነገር ለዩ።

መጀመሪያ፦ «ምን ታፈነ?» ብላችሁ ጠይቁ

መልሱን በአማርኛ ጻፉት። እሳት ነው? ከአፍ ሊያመልጥ ያለ ነገር ነው? ሕዝብ ነው? ሰው ተጠልፎ ተወስዶ ከሆነ ግሡ «ኪድናፕ» ወይም «አብዳክት» ነው። እሱ ከዚህ ቤተሰብ ስላልሆነ ለብቻው ያዙት።

እሳት ከሆነ

ከላይ ተሸፍኖ አየር ያጣ እሳት «ስማዘር» ተደርጓል። አነባበቡ ቀላል ነው። በከተማ አማርኛ «ማዘር» በምንለው ላይ «ስ» ጨምሩበት። አዊ ውስጥ፣ ፋግታ ለኮማ አካባቢ፣ ገበሬው ዲከረንስ የሚባለውን ዛፍ ተክሎ ከሰል ያከስላል። እንጨቱን ይከምራል፤ በሣርና በአፈር ያለብሰዋል፤ ትንሽ መተንፈሻ ይተውለታል። ሲበቃው ቀዳዳውን ሁሉ ደፍኖ እሳቱን ያጠፋል። ይህ የመጨረሻው ሥራ ስማዘር ነው። «ዜይ ስማዘርድ ዘ ፋየር ዊዝ ሶይል» ማለት እሳቱን በአፈር አፍነው አጠፉት ነው። «ዊዝ» የምትለዋን አትርሱ። በምን እንደታፈነ የምትናገረው እሷ ናት።

ማታ ፍሙን በአመድ መዳፈን ግን ስማዘር አይባልም። የሚዳፈነው እሳቱ እንዲያድር ነዋ! ለዚህ እንግሊዝኛው «ባንክ» የሚል ግሥ አለው። ገንዘብ ከምናስቀምጥበት ባንክ ጋር በፊደልም በድምፅም አንድ ነው። «ሺ ባንክድ ዘ ፋየር» ስትሉ እሳቱን ዳፍና አሳደረችው ማለታችሁ ነው። ምድጃ አጠገብ ያደገ ልጅ ይህን ልዩነት ከማንም ቀድሞ ይረዳዋል ብዬ አምናለሁ።

ሰው ትንፋሽ ካጣ

አፍና አፍንጫው በትራስ ከተሸፈነ ያው ስማዘር ነው። ጭስ በሞላው ቤት አየር ካጠረው «ሳፎኬት»። ምግብ ጉሮሮው ላይ ከተሰነቀረ «ቾክ»። በቾክ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ። እኛ «አጥንት አነቀው» እንላለን፤ ድርጊቱን የምንሰጠው ለአጥንቱ ነው። እንግሊዝኛው ከሰውየው ይጀምራል፤ «ሂ ቾክድ ኦን ኤ ቦን»።

ከውስጥ የሚመጣ ነገር ከሆነ

ማኅሌት የቆመ ሰው ሌሊቱ ሲገፋ ማዛጋት ይመጣበታል። አፉን በነጠላው ይሸፍናል። «ሂ ስታይፍልድ ኤ ዮውን»። «ስታይፍል» ድንገት ለሚመጣና ቶሎ ለሚያልፍ ነገር ይስማማል፤ ለሳቅ፣ ለማስነጠስ፣ ለማዛጋት። ለቅሶ ቤት ሳቁን ዋጥ ያደረገ ልጅም ስታይፍል አድርጓል። ከዚሁ ግሥ የወጣው «ስታይፍሊንግ» ለሙቀት ይሆናል። ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ ስትወርዱ የሚቀበላችሁ ወበቅ «ስታይፍሊንግ ሂት» ነው።

ለእንባ «ሆልድ ባክ» በሉ። «ሺ ሄልድ ባክ ኸር ቲርስ»፣ እንባዋን ያዝ አደረገች። በተውላጠ ስም ከተካችሁት ግን ቦታው መሐል ነው፤ «ሺ ሄልድ ዜም ባክ»። «ሄልድ ባክ ዜም» ስሕተት ነው። ይኸው ግሥ ለውሃም ያገለግላል። ባሕር ዳር አጠገብ ጨረጨራ ላይ የተሠራው ግድብ የጣናን ውሃ ሲይዝ «ኢት ሆልድስ ባክ ዋተር» ይባላል።

ኃይል ካለበት

ዐመፅ፣ ዜና፣ ማስረጃ ሲታፈን «ሰፕሬስ» ነው። በ1960 ዓ.ም. የጎጃም ገበሬ በእርሻ ገቢ ግብር ምክንያት ሲነሣ መንግሥት ጦር ላከ። «ዘ ገቨርንመንት ትራይድ ቱ ሰፕሬስ ዘ ሪቮልት» ብላችሁ ልትጽፉት ትችላላችሁ። «ትራይድ ቱ» እዚህ የግድ ነው። እሷን ካወጣችኋት ዐመፁ በጦር ብቻ ጸጥ አለ ማለታችሁ ነው፤ የሆነው ግን እንደዚያ አይደለም። ሰው አውቆ ንዴቱን ዋጥ ሲያደርግም ሰፕሬስ ይባላል። ሳያውቀው ወደ ውስጥ ከቀበረው ሥነ ልቦና «ሪፕሬስ» ይለዋል።

ሁለቱን ተመሳሳዮች ለዩ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ስለሆነ ረጋ ብላችሁ አንብቡ። «ሪስትሬይን» እና «ሪፍሬይን» በድምፅ ወንድማማች ይመስላሉ። ሪስትሬይን ግን ተሳቢ ይፈልጋል። አንድ የሚያዝ አካል መኖር አለበት፤ በሬ፣ ተደባዳቢ፣ ወይም ራስ። «ሂ ሪስትሬይንድ ዚ ኦክስ»፣ በሬውን ያዘው። «አይ ሪስትሬይንድ ማይሴልፍ»፣ ራሴን ገታሁ። ሪፍሬይን ተሳቢ አይቀበልም። ስለዚህ «አይ ሪፍሬይንድ ማይሴልፍ» አይባልም። በቀጥታ ወደ «ፍሮም» ይሄዳል። ከ«ፍሮም» ቀጥሎ ደግሞ «ኢንግ» የተጨመረበት ግሥ ይመጣል፤ «ፕሊዝ ሪፍሬይን ፍሮም ስሞኪንግ»። እባክዎ ከማጨስ ይቆጠቡ ማለት ነው። የሚረዳችሁ ከሆነ በአማርኛ እንዲህ ያዙት። ሪስትሬይን «ያዘ» ነው፤ ሪፍሬይን «ተቆጠበ» ነው። «በሬውን ያዘ» ይባላል፣ «በሬውን ተቆጠበ» አይባልም።

«ከርብ» የሚባልም አለ። መነሻው የፈረስ ልጓም ነው፤ ከፈረሱ አገጭ ሥር የሚያልፈው ሰንሰለት ወይም ጠፍር። ጥር 23 እንጅባራ ላይ የአገው ፈረሰኞችን በዓል ያየ ሰው ትርጉሙን አይስተውም። ልጓም የተሳበበት ፈረስ ፍጥነቱን ይቀንሳል እንጂ አይሞትም። ስለዚህ ከርብ ቀስ በቀስ ለሚቀነስ ነገር ነው፤ ለወጪ፣ ለዋጋ ንረት፣ ለበሽታ ስርጭት።

በመጨረሻ፦ ራሳችሁን ፈትኑ

ግሡን ምረጡ። አንድ፣ ወጪያችንን መቀነስ አለብን። ሁለት፣ ሽማግሌዎቹ ተጣዪዎቹን ያዟቸው። ሦስት፣ በርበሬው ሲታመስ ሳሌን አፈንኩት።

የመጀመሪያው ከርብ ነው፤ ሁለተኛው ሪስትሬይን። ሦስተኛው ላይ ስታይፍልም ሰፕሬስም ትክክል ናቸው። ሳል ለማስታገስ የሚሰጠው መድኃኒት ግን ስሙን የወሰደው ከሰፕሬስ ነው፤ «ኮፍ ሰፕሬሰንት» ይባላል።