የብሬታኝ ጋሌት፦ ከቫን ገበያ እስከ ምጣድ

ጋሌት በምጣድ የሚጋገር ስስ ቂጣ ነው። በፈረንሳይ፣ በደቡብ ብሬታኝ በምትገኘው ቫን ከተማ፣ የሊስ አደባባይ ገበያ ረቡዕና ቅዳሜ ጠዋት ይቆማል። ሳራዛን (በእንግሊዝኛ ባክዊት) የተባለውን ጠቆር ያለ ዱቄት፣ ጨው የገባበት ቅቤ፣ እንቁላል፣ ካም (የተዘጋጀ የአሳማ ሥጋ) እና ኤመንታል አይብ ይሸምቱ።

ለሊጡ 330 ግራም ዱቄት፣ 10 ግራም ጨውና 750 ሚሊ ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ይበቃል። ውሃው በአንዴ ከተገለበጠ ይጓጉላል፤ በጥቂት በጥቂቱ እየጨመሩ ይምቱት። ከዚያ ቢያንስ 2 ሰዓት ይረፍ፤ ፍሪጅ ውስጥ ቢያድር ደግሞ ይበልጥ ያምራል። ይህን ፈጽሞ አይዝለሉት። ሳራዛን ግሉተን የለውም፤ ዱቄቱ ውሃውን በደንብ ካልጠጣ ጋሌቱ ሲገለበጥ ይቀደዳል።

ቢሊግ የተባለውን የብረት ምጣድ በጣም አግለው በቅባት ያስሱት። አንድ ጭልፋ ሊጥ አፍስሰው ሮዜል በተባለችው የእንጨት ማሰራጫ ሳይጫኑ ያዙሩት። ወዲያው ዓይን ካላወጣ ምጣዱ ገና ነው። ጠርዙ ቡናማ ሆኖ ሲነሳ ገልብጠው ቅቤ ይቀቡት። እንቁላሉን መሃል ላይ ሰብረው ነጩን ብቻ ይበትኑ፤ አስኳሉ እንዳይነካ። በዙሪያው ካምና የተፈቀፈቀ አይብ አድርገው አራቱን ጠርዝ ወደ ውስጥ ይጠፉ፤ አስኳሉ መታየት አለበት። ከጎኑ ሲድር የተባለው የብሬታኝ የፖም መጠጥ ይቅረብ።