ፕሮጀክተሩ ሲጠፋ፣ ፊደሉ ሲበላሽ፣ ሰዓቱ ሲያልቅ፦ ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ቴክኒካዊ ገለጻ ለሚያቀርቡ

በኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ለዲፌንስ (የመመረቂያ ሥራውን ለፈታኞች ለማስረዳት) የሚቀርብ ተማሪም ይሁን በኢንዱስትሪ ፓርኩ ለኃላፊዎች የጥገና ዕቅድ የሚያስረዳ ባለሙያ፣ አዳራሽ ውስጥ ከሚያጋጥመው ችግር አብዛኛው ቀደም ብሎ ጠረጴዛ ላይ የተፈጠረ ነው። ሁሉም ግን አይደለም። የአገሩ ከፍታ የሚያመጣው ችግርም አለ፤ ከእሱ እንጀምር።

ፕሮጀክተሩ ገለጻው መሃል ላይ ይጠፋል

ጥቂት ደቂቃ በደህና ሠርቶ ማራገቢያው መጮህ ይጀምራል፣ የሙቀት ምልክቱ ብልጭ ድርግም ይላል፣ ከዚያ ምስሉ ይጠፋል። ሰው ቶሎ የሚጠረጥረው ሶኬቱን ወይም አምፖሉን ነው። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ የሐረጎን ቁልቁለት ወርደው የሚያገኟት ኮምቦልቻም ብትሆን ከ1,800 ሜትር በላይ ናት። አየሩ በሳሳ ቁጥር ማራገቢያው በተመሳሳይ ፍጥነት እየዞረ የሚያስወጣው ሙቀት ያንሳል። ብዙ አምራቾች ከ1,500 ሜትር በላይ ለሆነ ቦታ «ሃይ አልቲቲዩድ ሞድ» የሚባል ማስተካከያ ያስቀምጣሉ፤ ማራገቢያውን ያፈጥነዋል። አብዛኛውን ጊዜ ጠፍቶ ስለሚመጣ ከሜኑ ገብቶ የሚያበራው ሰው ይፈልጋል። በሁለቱም ከተሞች ሁልጊዜ በርቶ መቀመጥ አለበት። ድምፁ ከፍ ስለሚል ፕሮጀክተሩን ከተናጋሪው ራቅ ያድርጉት።

እሱ በርቶም ከጠፋ ማጣሪያውን አውጥተው አቧራውን ያራግፉ። ቀጥሎ የጠረጴዛ ልብሱን ይመልከቱ፦ አንዳንዱ ፕሮጀክተር አየር የሚስበው ከሥሩ ስለሆነ ለክብር የተነጠፈው ጨርቅ ያፍነዋል። ጨርቁን ይግለጡ፤ በየጎኑም ቢያንስ 30 ሴንቲ ሜትር ክፍት ቦታ ይተዉ።

መብራት ሄዶ ሲመለስ ፕሮጀክተሩ አልነሳም ካለ ሌላ ጉዳይ ነው። የአምፖል ፕሮጀክተር እንደጋለ ወዲያው አይበራም፤ እስኪቀዘቅዝ ደቂቃዎች ይወስዳል። ማብሪያውን ደጋግሞ መጫን አምፖሉን ከመጉዳት በቀር ፋይዳ የለውም። ባለ 650 ቪኤ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ የሚተካ የባትሪ መጠባበቂያ) አንድ መካከለኛ ፕሮጀክተር ለጥቂት ደቂቃ ይሸከማል፤ ጀነሬተር እስኪነሳ ይበቃል። ላፕቶፑ የራሱ ባትሪ ስላለው ዩፒኤሱ ላይ አይሰኩት።

«ኖ ሲግናል» ይላል

በቅደም ተከተል ይሞክሩ፦ ኬብሉን በሁለቱም ጫፍ ነቅሎ መልሶ መሰካት፤ በሪሞቱ «ሶርስ» የሚለውን ተጭኖ ትክክለኛውን መግቢያ መምረጥ፤ ላፕቶፑ ላይ የዊንዶውስን ቁልፍ ይዞ የ«P» ፊደልን በመጫን «ዱፕሊኬት» (ያው ምስል በሁለቱም ላይ) ማድረግ። አዲስ ላፕቶፕ የቪጂኤ (የቆየው የምስል ኬብል) ቀዳዳ የለውም፣ የቆየ አዳራሽ ደግሞ ቪጂኤ ብቻ ሊኖረው ይችላል፤ መቀየሪያውን ከራስዎ ጋር ይያዙ። በቪጂኤ ድምፅ እንደማያልፍም አይርሱ፤ ቪዲዮ ካለዎት ስፒከር ለብቻው ያስፈልጋል። ምስልና ድምፅ አብሮ በሚያሳልፈው በኤችዲኤምአይ ኬብል ደግሞ ተቃራኒው ይሆናል፦ ድምፁ ወደ ፕሮጀክተሩ ይሄድና ላፕቶፑ ዝም ይላል።

የአማርኛው ጽሑፍ ተበላሽቷል

እዚህ ሁለት የተለያዩ በሽታዎች አሉ፤ መድኃኒታቸውም የተለያየ ነው። በፊደሉ ቦታ የእንግሊዝኛ ፊደላትና የተዘበራረቁ ምልክቶች ከታዩ ጽሑፉ የተተየበው ዩኒኮድ (ለእያንዳንዱ ፊደል የራሱን ኮድ የሚሰጥ ዓለም አቀፍ ሥርዓት) ባልሆነ የቆየ የግዕዝ ፎንት ነው። ኮምፒውተሩ ውስጥ የተቀመጠው ኮድ የላቲን ፊደል ነው፤ ፎንቱ ከሌለ እውነተኛ ማንነቱ ይወጣል። ሌላ ፎንት መምረጥ አያድነውም። በዩኒኮድ እንደገና መተየብ ወይም በመለወጫ ፕሮግራም ማሳለፍ ያስፈልጋል፤ ጊዜ ካልተረፈ ፎንቱ ካለበት ኮምፒውተር ላይ ወደ ፒዲኤፍ ቀይረው ያውጡት።

ፊደሉ በትክክል እየታየ መስመሩ ከሳጥኑ ከወጣ፣ ወይም ቃሉ ያለቦታው ከተሰበረ፣ ጽሑፉ ዩኒኮድ ነው፤ የጎደለው የመረጡት ፎንት ብቻ ነው፤ ኮምፒውተሩ በሌላ ተክቶታል። ከዊንዶውስ ጋር የሚመጣውን የኢብሪማ ፎንት መጠቀም አደጋውን ይቀንሳል። በፓወርፖይንት «ፋይል»፣ «ኦፕሽንስ»፣ «ሴቭ» ገብተው ፎንቶቹ ከፋይሉ ጋር እንዲቀመጡ ማድረግም ይቻላል፤ አንዳንድ ፎንት ግን ይህን አይፈቅድም። የፒዲኤፍ ቅጂ ሁልጊዜ ይኑርዎት፤ እንቅስቃሴና ቪዲዮ ግን በፒዲኤፍ አይሠሩም።

ፍላሹ ውስጥ ከፋይሉ ይልቅ አቋራጭ (ሾርትከት) ብቻ ከታየ ቫይረስ ነው። አይክፈቱት። ፋይሉ አብዛኛውን ጊዜ ተደብቆ እንጂ ጠፍቶ አይደለም። ለዚህ ነው ሁለተኛ ቅጂ ኢሜይል ላይ የሚቀመጠው።

ከኋላ የተቀመጡት ማንበብ አልቻሉም

ከቤት ሳይወጡ የሚፈተን ነው። ምስሉ 2 ሜትር ስፋት ኖሮት የመጨረሻው ወንበር 10 ሜትር ላይ ከሆነ፣ ባለ 14 ኢንች ላፕቶፕዎን ከፍተው አንድ ሜትር ተኩል ያህል ርቀው ይቁሙ። ከዚያ ያልተነበበ አዳራሹ ውስጥም አይነበብም። ለአማርኛ የፊደሉ መጠን ከ28 ነጥብ በታች አይውረድ፦ «ሉ»ን ከ«ሊ» የምትለየው ቅጥያ ትንሽ ናት፤ ደብዛዛ ምስል ላይ ቀድማ የምትጠፋውም እሷ ናት። ቢጫ በነጭ ላይ፣ ቀይ በሰማያዊ ላይ አይጻፉ። ከኤክሴል እንዳለ የተገለበጠ ሠንጠረዥ ማንም አያነበውም፤ የሚፈልጉትን ሦስት ወይም አራት ቁጥር አውጥተው ሌላውን በወረቀት ያድሉ።

ሰው እያየ ነው፣ ግን አልገባውም

ምልክቱ በመጨረሻ የሚመጣው ጥያቄ ነው፦ «እና አንተ የሠራኸው የቱ ነው?» መንስኤው ብዙውን ጊዜ ቅደም ተከተሉ ነው። የሪፖርቱ ምዕራፎች እንዳሉ ወደ ስላይድ ይገለበጣሉ፤ መግቢያና የቀደሙ ጥናቶች ግማሹን ሰዓት ይበላሉ፣ ውጤቱ ጋ ሲደረስ ሰብሳቢው ሰዓቱን ማየት ጀምሯል። ለ15 ደቂቃ ገለጻ የሚያዋጣው ክፍፍል ይህ ነው፦ 2 ደቂቃ ለችግሩና ለዋናው ውጤት፣ 3 ለአሠራሩ፣ 7 ለውጤቱና ለማስረጃው፣ 2 ለሚመከረው እርምጃ፣ 1 መጠባበቂያ። ውጤቱን መጀመሪያ መናገር ገለጻውን አያደበዝዝም፤ ሰሚው ማስረጃውን የት ላይ እንደሚያኖር ያውቃል።

ሁለተኛው መንስኤ የስላይዱ ርዕስ ነው። «ውጤት» ወይም «ትንተና» የሚል ርዕስ ምንም አይናገርም። በሽመና ክፍል ስለሚበጠስ ክር የሚያቀርብ ሰው «የአየሩ እርጥበት ሲቀንስ የድር ክር መበጠስ ይጨምራል» ብሎ ርዕሱን ሙሉ ዓረፍተ ነገር ካደረገው ከሥሩ አንድ ግራፍ ይበቃል። ርዕሱን በአንድ ዓረፍተ ነገር መጻፍ ካልተቻለ፣ ያ ስላይድ ሁለት ሐሳብ አለው ወይም ጭራሽ የለውም።

ሦስተኛው ማንበብ ነው። እንግሊዝኛውን ከስላይዱ አንብቦ ወዲያው በአማርኛ መተርጎም ሰዓቱን በእጥፍ ይበላል። ጽሑፉን ወደ ማስታወሻ ሳጥኑ ይውሰዱት፣ ስላይዱ ላይ ሥዕሉ ይቅር። ለኦፕሬተሮች የሚቀርብ ከሆነ ደግሞ ማሽኑን እነሱ በሚጠሩት ስም ይጥሩት፤ የማኑዋሉን ስም አንድ ጊዜ መጥቀስ ይበቃል።

ሰዓቱ አለቀ

በሐሳብ መለማመድ አይቆጠርም፤ ድምፅ አውጥተው፣ ቆመው፣ ስልክ ላይ ሰዓት ይዘው ይለማመዱ። በ15 ደቂቃ ከ12 ስላይድ በላይ ከሆነ ይቀንሱ። ሲለማመዱ የትኛው ስላይድ ሊዘለል እንደሚችል አስቀድመው ምልክት ያድርጉበት።

በቀጥታ የሚታየው ሥራ እምቢ ይላል

ኢንተርኔት ወይም ሴንሰር የሚፈልግ ነገር በዕለቱ ሊሠራም ላይሠራም ይችላል። ሲሠራ የተቀረጸ የ2 ደቂቃ ኤምፒ4 ቪዲዮ ስላይዱ ውስጥ ያስገቡ። በማገናኛ ብቻ የገባ ቪዲዮ ፋይሉ ወደ ሌላ ኮምፒውተር ሲሄድ ስለሚቀር ባዶ ጥቁር ሳጥን ያሳይዎታል፤ ቪዲዮውን እዚያው ፎልደር ውስጥም ይያዙት። ሙከራው አልነሳ ካለ ሁለት ጊዜ ከመሞከር አይለፉ።

ጥያቄው ከበደ

ጥያቄውን ለአዳራሹ ይድገሙት፤ ከኋላ ያሉት ይሰማሉ፣ ለራስዎም የማሰቢያ ጊዜ ይገኛል። ያልለኩትን «ይህን አልለካሁም፤ የለካሁት ይህን ነው» ማለት ከግምት ይሻላል፤ ፈታኝ የሚይዘው ግምቱን ነው። ስሌቱን፣ ሙሉ ሠንጠረዡንና የመለኪያ መሣሪያውን ትክክለኛነት የያዙ ስላይዶች ከምስጋናው በኋላ ያስቀምጡ፣ ቁጥራቸውንም ወረቀት ላይ ይጻፉ። ፓወርፖይንት እየታየ 18 ብለው ኢንተር ቢጫኑ በቀጥታ ስላይድ 18 ላይ ይወስድዎታል፤ ሁሉንም ወደ ኋላ እያገላበጡ ሰው ፊት መፈለግ የለም።