ላክሮስ ለምትጫወት ልጅ፦ ሁለገብ ተጫዋች ማድረግና ለኮሌጅ ምልመላ አለመቸኮል እንዴት ይቻላል?

ኳስን በዱላ እየያዙና እየተቀባበሉ ወደ ግብ የሚወረውሩበት ጨዋታ፣ ላክሮስ፣ ሥር ከሰደደባቸው የአሜሪካ ግዛቶች ሜሪላንድ በግንባር ቀደምትነት ትጠቀሳለች። ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባት ግዛትም ናትና ልጅዎ አንድ ቀን ጫፉ ላይ መረብ ያለው ዱላ ይዛ ከትምህርት ቤት ብትመለስ አይደነቁ። ብዙም ሳይቆይ አሰልጣኙ «ይቺ ተከላካይ ናት» ይላል፤ ሌላ ወላጅ ደግሞ «8ኛ ክፍል ሳትደርስ ኮሌጆች ካላዩዋት አበቃላት» ብሎ ያስደነግጥዎታል። ሁለቱንም ላለመቀበል በቂ ምክንያት አለ።

1. ጨዋታውን ይወቁ

አንድ ቡድን 12 ተጫዋቾች ያሰልፋል፤ ግብ ጠባቂ፣ ተከላካይ፣ አማካይ፣ አጥቂ። ስሞቹ ከእግር ኳስ የሚያውቋቸው ናቸው፤ ሥራቸው ግን ይለያል። ከእያንዳንዱ ግብ በኋላ ሁለት ተጫዋቾች መሐል ሜዳ ላይ ዱላቸውን ጀርባ ለጀርባ አጋጥመው፣ በመካከሉ ያለችውን ኳስ ወደ ላይ አስፈንጥረው ይሻማሉ። ግብ ያገባው ቡድን ይህን ፍልሚያ ካሸነፈ ኳሱ መልሶ የእሱ ነው፤ ተጋጣሚው ኳስ ሳይነካ ሁለት ሦስት ግብ ሊቆጠርበት ይችላል። የማጥቂያውን መስመር አልፈው ማጥቃት የሚችሉት ደግሞ 7 ተጫዋቾች ብቻ ናቸው። ስለዚህ አማካዮች እየተመላለሱ ሁለቱንም ሥራ ይሠራሉ፤ ኳስ ይዛ መሮጥ የማትችል ተከላካይም የነጠቀችውን ወዲያው ታስረክባለች።

2. እስከ 14 ዓመቷ ድረስ ቦታ ያፈራርቁላት

የውድድር ዘመኑ ሲጀመር አሰልጣኙን በትሕትና ያነጋግሩ። «ሁሉንም ትሞክር» የሚል ጥያቄ ተሰምቶ ይረሳል፤ «የመጀመሪያውን አጋማሽ በማጥቃት፣ ሁለተኛውን በመከላከል ትጫወት፤ በልምምድ ቀን ደግሞ የመሐል ሜዳውን ፍልሚያ ትሞክር» ቢሉ መልስ ያገኛሉ። ተከላካይ ሆና የምታሳልፈው ጊዜ እግሯን ያስተካክላል፤ ተጋጣሚዋን በየት በኩል ወደ ጠርዝ እንደምትገፋም ያስተምራታል። ወደ ማጥቃት ስትመለስ ተከላካይዋ የምትሸወድበትን ቅጽበት ታውቀዋለች። ቤት ውስጥ ደግሞ ግድግዳ ይበቃታል፤ በደካማ እጇ ኳሱን እየወረወረች ትቅለብ።

ግብ ጠባቂነት ለየት ይላል። ወዳው የገባችበትን ልጅ አያስወጧት፤ ሳትፈልግ ግን ማንም አያስገድዳት።

ለዚህ ምስክር ቢፈልጉ ቴይለር ከሚንግስን ይመልከቱ። የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ አማካይ ነበረች። የመሐል ሜዳውን ፍልሚያ ታሸንፋለች፣ ትከላከላለች፣ ታገባለች፤ የኮሌጅ ላክሮስ ትልቁን የግል ሽልማት ቴዋራተንንም በ2014፣ በ2015 እና በ2016 ወስዳለች። አሁን ደግሞ ሌላ ምክንያት ተጨምሯል። ከ2025-26 ጀምሮ ኮሌጆች ለተጫዋቾቻቸው በቀጥታ እንዲከፍሉ የፈቀደውን የፍርድ ቤት ስምምነት የተቀበሉ ትምህርት ቤቶች በሴቶች ላክሮስ ከ38 ተጫዋች በላይ መያዝ አይችሉም። ቦታ ሲጠብ ሁለት ሥራ የምትሸፍን ልጅ ዋጋዋ ይጨምራል።

3. የጊዜ ሰሌዳውን ይያዙ

ቀድሞ የ8ኛና የ9ኛ ክፍል ልጆች ለኮሌጅ ቃል ይገቡ ነበር። ነገሩ ከልክ ሲያልፍ አሰልጣኞቹ በራሳቸው ማኅበራት በኩል ገደብ ጠየቁ፤ በሚያዝያ 2017 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠርም የአሜሪካ ኮሌጅ ስፖርትን የሚመራው ኤንሲኤኤ ደንቡን አጸደቀ። የዲቪዚዮን 1 (የከፍተኛው የኮሌጅ ውድድር ደረጃ) አሰልጣኝ ተጫዋቿ 11ኛ ክፍል በምትገባበት ዓመት ሴፕቴምበር 1 ሳይደርስ ስለ ምልመላ ሊያነጋግራት አይችልም። ጨዋታ ማየት ግን አልተከለከለም፤ የክለቦችና የበጋ ውድድሮች ገበያ የደራው በዚህ ነው። «ጊዜው እያለፈባት ነው» የሚልዎት ሰው የሚሸጥልዎት ነገር እንዳለው አስቀድመው ያጣሩ።

4. ስለ ገንዘቡ በግልጽ ይጠይቁ

በላክሮስ ሙሉ ስኮላርሺፕ ብርቅ ነው፤ ገንዘቡ ለብዙዎች ይከፋፈላል። ዲቪዚዮን 3 እና እንደ ሃርቫርድና ዬል ያሉት የአይቪ ሊግ ትምህርት ቤቶች በስፖርት ችሎታ ስኮላርሺፕ አይሰጡም፤ እዚያ ዕርዳታው በቤተሰብ ገቢ ላይ የተመሠረተ ነው፣ በዲቪዚዮን 3 ደግሞ አንዳንዴ በትምህርት ውጤት። የቃል ስምምነት ደግሞ ማንንም አያስርም። በጽሑፍ የቀረበ የገንዘብ ድጋፍ ውል እስኪመጣ ድረስ ድግስ አይደግሱ።

5. ትምህርቷን ይከታተሉ

ይህን ለኢትዮጵያዊ ወላጅ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። ነገር ግን ጥሩ ውጤት ብቻውን አይበቃም፤ ለዲቪዚዮን 1 ብቁ ለመሆን 16 የተወሰኑ የትምህርት ዓይነቶች ያስፈልጋሉ፣ ከእነሱም 10ሩ 12ኛ ክፍል ከመግባቷ በፊት መጠናቀቅ አለባቸው። የትኞቹ እንደሚቆጠሩ ገና 9ኛ ክፍል ሳለች የትምህርት ቤቱን አማካሪ ይጠይቁ።

6. ደብዳቤውን እሷ ትጻፈው

ለአሰልጣኝ የሚላከውን ኢሜይል ራሷ ትጻፍ። የተጫወተችባቸውን ቦታዎች ሁሉ፣ የመለያ ቁጥሯንና የጨዋታ ቀኖቿን ትጥቀስ። ስታጠቃም ስትከላከልም የሚያሳይ አጭር ቪዲዮ ታያይዝ፤ ግብ በግብ የሆነ ቪዲዮ አሰልጣኙን ብዙም አይረዳውም። ከሴፕቴምበር 1 በፊት መልስ ካልመጣ ደንቡ ስለሚከለክል ነውና እንቢታ አድርጋ አትቁጠረው። ስልኩ የተደወለ ዕለት ደግሞ ይህን ትጠይቅ፦ «የት ልታሰልፉኝ አስባችኋል? ቦታ የቀየራችኋቸው ተጫዋቾችስ አሉ?»