ሶናሩ ወለሉን ሲያጣባችሁ

ሶናር ድምፅ ወደ ታች ልኮ፣ ተመልሶ እስኪመጣ የፈጀውን ጊዜ ቆጥሮ የውሃ ጥልቀት የሚለካ ማሽን ነው፤ የሐይቁን ወለል ካርታ የምንሠራው በእሱ ነው። ወለሉን ሲያጣ ምልክቱ ይሄ ነው። ጀልባው ቆሞ ሳለ የሐይቁ ወለል ስክሪኑ ላይ ጥርት ብሎ ይታያል። ሞተር አስነስታችሁ ፈጠን ስትሉ መስመሩ ይበጣጠሳል፣ 40 ሜትር ይል የነበረው በአንዴ 3 ሜትር ይላል፣ ከዚያ ጭራሽ ይጠፋል። ወሎ ውስጥ፣ ሐይቅ በሚባለው ሐይቅም አርዲቦ ሐይቅም ላይ ደጋግሜ ያየሁት ይሄንኑ ነው።

አብሽሩ፣ ማሽኑ አልተበላሸም። አረፋ ነው። ድምፅ ውሃ ውስጥ በሰከንድ 1,500 ሜትር ገደማ ይጓዛል፣ አየር ሲያገኝ ግን ተመልሶ ይመጣል። ውሃ ውስጥ የሚገባው የሶናሩ ጭንቅላት ፊት ላይ ስስ አረፋ ከተለጠፈ ወለሉ ጋ የሚደርስ ድምፅ የለም።

አንዴ ኬብል ስንፈታና ባትሪ ስንቀያይር ሁለት ቀን አለፈን። በመጨረሻ ጓደኛዬ ጀልባው እየሄደ ጎንበስ ብሎ አየ። ጭንቅላቱ የታሰረው በሽቦ ነበር። ሽቦው ላልቶ ጭንቅላቱ ቀና ብሏል፣ ከፊቱ ደግሞ ጀልባው ሆድ ላይ ያልተሞረደ የብየዳ እብጠት አለ፣ ከእሱ የሚነሳው ነጭ አረፋ በቀጥታ ፊቱን ያጥበዋል። በሽቦ ማሰር ይቅር! ለስንት ብር ዕቃ ሁለት ብሎን ይነፈጋል? ኮምቦልቻ ብየዳ ቤት ጠፍጣፋ ብረት አስቆርጣችሁ በብሎን እሰሩት። ከጀልባው ሆድ አራት ጣት ያህል ዝቅ ይበል፣ ከፕሮፔለሩ ይራቅ፣ ፊቱ ቀጥ ብሎ ወደ ታች ይይ። ከመውጣታችሁ በፊት ፊቱን በሳሙና ውሃ በጣታችሁ እሹት፤ አዲስ ፕላስቲክ ላይ አረፋ ይጣበቃል። በቤንዚንና በቲነር ግን እንዳትነኩት፣ ይበላዋል። ጀልባውን ወደ ዳር ስትስቡ ጭንቅላቱን አንሱት፣ እባካችሁ፣ ድንጋይ ላይ እየተጎተተ ያለቀ አይቻለሁ።

ጥልቀቱ ትንሽ በልጦ ከታየ ማሽኑ ለባሕር ውሃ ተስተካክሎ ይሆናል፤ ጨው ውስጥ ድምፅ ይፈጥናል። ወደ ጨው አልባ ውሃ ቀይሩት።

መሃል ውሃ ላይ የተዘረጋ ደብዛዛ መስመር ሙቁ ውሃ ከቀዝቃዛው የሚገናኝበት ሊሆን ይችላል። ወለል ብላችሁ እንዳትመዘግቡት።

ዳር ዳሩን ወለሉ ፀጉር ያበቀለ ከመሰለ ውሃ ውስጥ የበቀለ ሣር ነው። እዚህ ላይ ካርታው ብዙ ጊዜ ይሳሳታል፣ የሣሩን ጫፍ ወለል ይለዋል። ስህተቱ ቀላል አይደለም፤ የቆሮሶ ዓሣ ወንዱ ጎጆውን የሚቆፍረው ጥልቀት በሌለው ዳር ነው፣ ያን ቦታ ካላወቅን መረቡ የት እንዳይጣል እንላለን? ገመድ ላይ ድንጋይ አስራችሁ ጣሉ፣ ለኩ፣ ከስክሪኑ ጋር አስተያዩ። ድንጋዩ ሲወጣ የያዘውን ጭቃም ጻፉት።