አሮጌ ሞተር ጀልባ ላይ ገጥማችሁ ከተቸገራችሁ፦ ከምልክቱ ወደ መንስኤው

የጀልባችን ሞተር ሲሞት አዲስ መግዛት አልቻልንም። ያገለገለ፣ ከሞተውም የሚበልጥ ዕድሜ ያለው ባለሁለት ሲሊንደር የናፍጣ ሞተር ከነካምቢዮው (ከነማርሽ ሳጥኑ) ገዝተን ወደ ሐይቅ ከተማ፣ ሎጎ ሐይቅ ዳር አመጣን። በዚህ አልጸጸትም። የድሮ ናፍጣ ሞተር ኮምፒውተር የለበትም። ንጹሕ ናፍጣ፣ አየርና ማቀዝቀዣ ውሃ ካገኘ ይሠራል። የጎደለውን ዕቃ ኮምቦልቻ ቶርኖ ቤት ወስዶ ማስቀረጽም ይቻላል።

ሎጎ ሐይቅ ላይ ግን በሞተር አይቀለድም። ባሕር ላይ ሸራ ያለው ጀልባ ሞተሩ ቢከዳው ነፋስ አለለት። እኛ ያለን መቅዘፊያ ነው፤ ውሃው ደግሞ ከ80 ሜትር በላይ የሚጠልቅበት ቦታ አለው። ስለዚህ የመጀመሪያውን ሳምንት ከዳር አትራቁ።

ከገጠምን በኋላ ያየናቸው ችግሮች አብዛኞቹ ከሞተሩ አልነበሩም። አሮጌው ሞተርና ጀልባዋ ከሚገናኙበት ቦታ ነበሩ። ቴስታታ (የሞተሩን ራስ) ከመፍታታችሁ በፊት ናፍጣ ቱቦውን፣ ውሃ መሳቢያውን፣ የፕሮፔለሩን ዘንግና ራሱን ፕሮፔለሩን እዩ።

ተነሥቶ ጥቂት ደቂቃ ሠርቶ ይጠፋል

እኛን ያደከመን ይሄ ነው። የናፍጣ ፖምፓው ነው ብለን ፈትተን ደሴ ፖምፒስታ (ፖምፓ ጠጋኝ) ጋ ወሰድነው። ከፍለን መለስነው፤ ያው ነው። በመጨረሻ አብሮን የሚሠራው ልጅ፣ «ጋሼ፣ አየር እየሳበ እንዳይሆን፤ እስቲ ከጄሪካን እናጠጣው» አለኝ።

ባለ 5 ሊትር ንጹሕ ጄሪካን ከሞተሩ ከፍ አድርገን ሰቀልን። ውስጡ በሚያሳይ አዲስ ቱቦ አገናኘነው። አንድ ሰዓት ሙሉ ሳይንገጫገጭ ሠራ። ያንኑ ቱቦ ከጀልባዋ ታንክ በሚመጣው መስመር ላይ አስገባነውና አየን። ጤፍ የሚያክሉ አረፋዎች ተከታትለው ወደ ሞተሩ ይሄዳሉ። የጀልባዋ የድሮ ቱቦ ከዚህኛው ሞተር ፖምፓ አፍ ትንሽ ይሰፋ ነበር። ናፍጣ አያንጠባጥብም፤ ምክንያቱም መስመሩ የሚስብ እንጂ የሚገፋ አይደለም። ናፍጣ ካልፈሰሰ ደህና ነው ብላችሁ አትለፉት።

መፍትሄው በልኩ የሆነ ቱቦና ጥሩ ማሰሪያ ነው። ከዚያ አየሩን አስወጡ። ፊልትሮው ላይ ያለችውን የአየር ብሎን ላላ አድርጉ። ናፍጣ ማቅረቢያዋን ፖምፓ በእጅ እየገፋችሁ አረፋ የሌለው ናፍጣ እስኪወጣ ጠብቁና አጥብቁ። አሁንም ካልተነሣ የኢንጀክተሮቹን (ናፍጣ ወደ ሲሊንደሩ የሚረጩትን) ቧንቧ ዳዶ በትንሹ አላልታችሁ በሞተሪኖ (በማስነሻው) አዙሩት፤ ናፍጣ ሲወጣ አጥብቁ። በዚህ ጊዜ እጃችሁን ከቧንቧው አርቁ፤ በዚያ ግፊት የሚወጣ ናፍጣ ቆዳ በስቶ ይገባል።

ሞተሩ የሚጠፋው ማዕበል ጀልባዋን ሲያናውጣት ብቻ ከሆነ ደግሞ ታንኩ ሥር የተጠራቀመውን ደለልና ውሃ ጠርጥሩ። ታንኩን አውርዶ ከማጠብ ሌላ መላ የለውም።

ጥቁር ጭስ ይተፋል፣ ጉልበት የለውም

መጀመሪያ ፎሌ ላይ (ማርሽ ሳይገባ) ነዳጅ ስጡት። ፎሌ ላይ ሙሉ ዙሩን ይዞ ጭስ ከሌለው፣ ማርሽ ሲገባ ግን የሚጨስ ከሆነ ሸክሙ በዝቶበታል። ፕሮፔለሩ የተመረጠው ለድሮው ሞተርና ለድሮው ካምቢዮ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ፒቹን (ፕሮፔለሩ በአንድ ዙር ወደፊት የሚገፋውን ርቀት) በ1 ኢንች መቀነስ በደቂቃ ከ150 እስከ 200 ዙር ይመልሳል።

ሌላው ከፍታችን ነው። ሐይቅ ከተማ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2000 ሜትር ገደማ ነው። እዚህ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው በ20 በመቶ ገደማ ያንሳል። ቱርቦ የሌለው ሞተር አየር ያጥረዋል፤ ፖምፓው ግን ባሕር ዳርቻ ያለ ይመስል ያንኑ ናፍጣ ይረጫል። ትርፉ ጭስ ሆኖ ይወጣል። ፖምፒስታ ናፍጣውን ቀነስ እንዲያደርግላችሁ ጠይቁ፤ በገዛ እጃችሁ አትነካኩት። የጠፋው ጉልበት ግን ሙሉ በሙሉ አይመለስም። ሞተር ስትመርጡ ይህን አስቡበት።

ይሞቃል

ከጭስ መውጫው ጋር ውሃ እየወጣ ነው? ካልወጣ መሳቢያው ላይ የተጣበቀ ሣር ፈልጉ፤ ደንገል አካባቢ ይሄ የየቀን ሥራ ነው። ቀጥሎ የውሃ ፖምፓውን ክዳን ክፈቱና ውስጡ የሚዞረውን ባለክንፍ ጎማ እዩት። ቆሞ የከረመ ሞተር ጎማው ይደርቃል። ክንፉ ከተቆረጠ ቁራጩን ሳታገኙ አትዝጉ፤ ወደፊት ሄዶ ጠባቡን መንገድ ይዘጋል። ውሃው ደህና ከወጣም የሞተሩን የራሱን ውሃ የሚዘጋውን የራዲያተር ክዳን አረጋግጡ። እዚህ ከፍታ ላይ ውሃ በ93 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ ግፊት የማይዝ ክዳን ቶሎ ያንተከትከዋል።

ጀልባዋን ሙሉ ያንቀጠቅጣል

ብዙ ጊዜ ካምቢዮውና የፕሮፔለሩ ዘንግ የሚገናኙባቸው ሁለት ፊቶች በትክክል አልተገጣጠሙም። ልኩን ጀልባዋ ውሃ ላይ ካደረች በኋላ ውሰዱ፤ ደረቅ ላይ የተለካ ውሃ ላይ ይለወጣል። ብሎኖቹን ፈትታችሁ ሁለቱን ፊቶች አስጠጓቸው። በቀጭን የብረት መለኪያ ከላይ፣ ከታች፣ ከግራና ከቀኝ ለኩ። ፊቱ 10 ሳንቲሜትር ስፋት ካለው ልዩነቱ ከ0.1 ሚሊሜትር እንዳያልፍ። ሞተሩን የሚሸከሙትን ጎማዎች ዳዶ በሩብ በሩብ ዙር እያነሣችሁና እያወረዳችሁ አስተካክሉ። ግማሽ ቀን ይፈጃል። ግማሽ ቀኑን ስጡት፤ ያለዚያ ኩሽኔታ ይበላል።

ወደፊት ስትሉት ወደኋላ ይሄዳል

ካምቢዮው ዘንጉን የሚያዞረው ከድሮው በተቃራኒ ነው። ትክክለኛው መፍትሄ በተቃራኒ የሚዞር ፕሮፔለር መግጠም ነው። ኋላ ማርሽን እንደ ፊት ማርሽ መንዳት የሚችሉት አንዳንድ ካምቢዮዎች ብቻ ናቸው።

ዘይቱ ነጥቶ ማኪያቶ መስሏል

ውሃ ገብቶበታል። ሞተሩን አታስነሡ። ሁሉም የቴስታታው ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ) ነው ይላሉ፤ እናንተ ግን ቀድማችሁ የውሃ ፖምፓውን የዘይት መከላከያ ጎማና የጭስ መውጫውን እዩ። ጭስ መውጫው ከውሃው ወለል እምብዛም ከፍ ካላለ፣ ሞተሩ ሲቆም ውሃ ወደ ሲሊንደሩ ተመልሶ ይገባል። መንስኤውን ካስወገዳችሁ በኋላ ዘይቱን ጄሪካን ውስጥ ገልብጡት። ሐይቁ ውስጥ ጠብታ እንዳይገባ፤ ዓሣውን የምንበላው እኛው ነን። አዲስ ዘይት ሞልታችሁ 15 ደቂቃ አስነሡት፤ ደግማችሁ ቀይሩ። መለኪያ ዘንጉ ላይ ነጭ እስካለ ድረስ እንደገና ቀይሩ።