ካም ጊር ተቀይሮ ሞተሩ ሲያስቸግር፦ ምልክቱ፣ ምክንያቱ፣ መፍትሄው

ተስተካካይ ካም ጊር፣ ማለትም ቫልቮላዎቹን የሚከፍተውን ዘንግ (ካምሻፍት) የሚያዞረውና በዲግሪ የሚስተካከለው ጥርስ፣ ጉልበት አይፈጥርም፤ ያለውን ጉልበት ከታችኛው ዙር ወደ ላይኛው፣ ወይም ከላይኛው ወደ ታችኛው ያዛውራል። አብዛኛው ቅሬታ ይህን ሳያውቁ ከመግዛት ይመጣል። ከዚህ በታች ያለው በዋናነት ሆንዳ ቢ16 እና ቢ18ን የመሰሉ፣ ሁለቱም ካምሻፍቶች በቺንጋ የሚዞሩባቸውን ሞተሮች ይመለከታል።

ምንም ለውጥ የለም። ካምሻፍቱ የፋብሪካው ከሆነ ከካም ጊር ብቻ ብዙ አትጠብቁ። የሚያዋጣው ካምሻፍት ሲቀየር፣ ወይም የቴስታታው (የሲሊንደሮቹ ክዳን) ገጽ ሲላጥ ነው። የተላጠ ቴስታታ ካምሻፍቱን ፒስቶኖቹ ወደሚያዞሩት ዘንግ፣ ወደ ክራንክሻፍቱ፣ ስለሚያቀርበው ካሙ በጥቂቱ ይዘገያል፤ ካም ጊሩ ያንን ይመልሳል። እንደ ሆንዳ ዲ16 አንድ ካምሻፍት ብቻ ባለው ሞተር ደግሞ የማስገቢያውና የማስወጫው ቫልቮላ አብረው ስለሚንቀሳቀሱ ኦቨርላፑን፣ ማለትም ሁለቱ አብረው የሚከፈቱበትን ጊዜ፣ መለወጥ አይቻልም። የቶዮታ ኮሮላ 4ኤ-ኤፍኢም ያው ነው፦ ካምሻፍቱ ሁለት ቢሆንም ቺንጋው የሚያዞረው አንዱን ነው፤ ሌላው ከእሱ ጋር በጥርስ ተያይዟል። ሁለት ካም ጊር የሚሸጥላችሁ ካለ አንዱን መልሱለት።

ሚኒሞ ላይ ይንቀጠቀጣል፣ ጭሱ ቤንዚን ቤንዚን ይላል። ማስገቢያው በጣም ቀድሟል ወይም ማስወጫው ዘግይቷል፤ ስለዚህ ኦቨርላፑ ረዝሟል። ሁለቱንም ወደ ዜሮ መልሱ። ከዚያ ማስገቢያውን በክራንክሻፍቱ ዙር ሲቆጠር 2 ዲግሪ አዘግዩ፣ ወይም ማስወጫውን 2 አስቀድሙ። ሁለቱን በአንድ ጊዜ አትንኩ፤ የትኛው እንደሠራ አታውቁም። ቱርቦ ያለው ሞተር አብዛኛውን ጊዜ አነስ ያለ ኦቨርላፕ ይወዳል። የሞተሩን የመሳብ ኃይል በቫኪዩም ጌጅ የምትለኩ ከሆነ ከፍታውን አስቡ፦ ባህር ጠረፍ ላይ 18 ኢንች የሚያነብ ሞተር አዲስ አበባ ላይ ወደ 11 ቢወርድ በሽታ አይደለም፤ የከተማዋ የአየር ግፊት በሩብ ገደማ ያነሰ ነው።

የተስተካከለው በእጥፍ ወይም በተቃራኒው ሆነ። ካምሻፍት አንድ ዙር ሲዞር ክራንክሻፍት ሁለት ይዞራል። ስለዚህ ካም ጊሩ ላይ የተቀረጸው መስመር በካም ዲግሪ ከሆነ አንዱ መስመር በክራንክ ሁለት ነው። አምራቾች እንደየራሳቸው ነው የሚጽፉት፤ መመሪያው ካልነገራችሁ አትገምቱ። አቅጣጫውም ያሳስታል፦ የሆንዳ ቢ ሞተር ከቺንጋው በኩል ሲታይ ከሰዓት ቆጣሪ በተቃራኒ ይዞራል። ማስቀደም ማለት መሃለኛውን ክፍል ከውጨኛው ጥርስ ይልቅ ወደ ሞተሩ መዞሪያ አቅጣጫ መግፋት ነው። ልዩነቱ ከዚህ ሁሉ ከበለጠ ደግሞ ቺንጋው ጥርስ ዘሏል፦ 40 ጥርስ ባለው ጊር አንድ ጥርስ የክራንክ 18 ዲግሪ ነው።

ካም ከተስተካከለ በኋላ ጋዝ ሲሰጠው ያንኳኳል። በሆንዳ ቢ ሞተር እሳቱን ለካንዴላዎቹ የሚያከፋፍለውን ዲስትሪቢውተር የሚያዞረው የማስገቢያው ካምሻፍት ነው። ካሙ በክራንክ 4 ዲግሪ ከቀደመ የካንዴላው እሳትም በ4 ይቀድማል። ማስገቢያውን በነካችሁ ቁጥር ሞተሩን አሙቃችሁ በታይሚንግ መብራት እሳቱን አስተካክሉ። የማስወጫው ጊር ብቻ ከተነካ ይህ አያስፈልግም።

ደህና ሲሠራ ቆይቶ በድንገት ጉልበት አጣ። ቡሎኖቹ ላልተው ካሙ ተንሸራቷል። ርካሽ ካም ጊር የሚለየው እዚህ ላይ ነው፦ ቡሎኑ ቀጭን፣ የሚያርፍበትም ገጽ ጠባብ ነው። ቡሎኖቹን አንድ በአንድ ፍቱ፣ ክሩን ከዘይት አጽዱ፣ ሰማያዊውን የክር ማጣበቂያ ጠብታ አድርጉ፣ ከዚያ አምራቹ በጻፈው ልክ በቶርክ ቁልፍ እያፈራረቃችሁ እሰሩ። በእጅ ስሜት አትሰሩ፤ የአሉሚኒየም ክር ይላጣል። ሲታሰር ጊሩ ፈቀቅ ስለሚል መስመሩን ደግማችሁ እዩት። በቡሎኑ ራስና በጊሩ ላይ አንድ ቀጭን የቀለም መስመር ብትስሉ መላላቱ ወዲያው ይታያል።

ቺንጋው ጠርዙን ይበላል፣ የሽፋኑ ውስጥ ግራጫ ዱቄት አለ። ጥርሱ ጠንካራ አኖዳይዝ (የአሉሚኒየሙን ገጽ የሚያጠነክር ሽፋን) አልተደረገለትም ወይም ጊሩ ቀጥ ብሎ አልተቀመጠም። የሚጠገን ነገር የለም፤ ጊሩም ቺንጋውም ይቀየር። ስትገዙ ቀለሙን ተዉትና የቡሎኑን ብዛትና ውፍረት፣ የመስመሮቹን ጥራት እዩ።

ካሙ ከተነካ በኋላ ከላይ የብረት ድምፅ ይሰማል። ወዲያው አጥፉ፤ ቫልቮላ ፒስቶን ነክቶ ሊሆን ይችላል። ማስገቢያው ሲቀድምና ማስወጫው ሲዘገይ ክፍተቱ ይጠባል። ትልቅ ካምሻፍት ሲገባ ወይም ቴስታታው ሲላጥ ቀድማችሁ ለኩ፦ ፒስቶኑ ላይ ፕላስቲሊን ለጥፉ፣ ቴስታታውን ከአሮጌው ጋስኬት ጋር እሰሩ፣ ቺንጋውን አስገብታችሁ ሞተሩን በእጅ ሁለት ዙር አዙሩ። ከዚያ ፕላስቲሊኑን በምላጭ ቆርጣችሁ በጣም የሳሳውን ቦታ ለኩ። የተለመደው ዝቅተኛ ልክ ለማስገቢያ 2 ሚሊሜትር፣ ለማስወጫ 2.5 ሚሊሜትር ነው። ከዚያ ካነሰ ወይ ካሙን መልሱ፣ ወይ የፒስቶኑን የቫልቮላ ጎድጓዳ አስቆርጡ።